ለኤንኤንኤን የጻፋችኋቸውን ትንንሽ ስክሪፕቶች አውጡ (የኔው ጐንደርን ጀንደር አድርጎብኛል)

ኮፒቤት_ደሴ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ትንሽ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኔ 2 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ናት፤ ዊንዶውስ አላስተነፍስ ሲላት ሊኑክስ ጫንኩባትና ነፍስ ዘራች። ፋይል የማገላብጠው ኤንኤንኤን (nnn) በሚባል ፕሮግራም ነው። አይኮን የለው፣ መስኮት የለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የስም ዝርዝር ብቻ።

ልቤን የወሰደው ፍጥነቱ ሳይሆን ስክሪፕት መቀበሉ ነው። ፕለጊን ይሉታል እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ኮንፊጉ ውስጥ ፕለጊንስ የሚባል ፎልደር አለ፤ የሼል ስክሪፕታችሁን (ትእዛዞች የተደረደሩበትን የጽሑፍ ፋይል) እዚያ ትጥሉታላችሁ፣ የመሮጥ ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ አንድ ፊደል ትመድቡለታላችሁ፣ አለቀ። ሴሚኮለንና ያንን ፊደል ስትጫኑ ኤንኤንኤን ከርሰሩ ያረፈበትን ፋይል ስም $1 አድርጎ፣ ያላችሁበትን ፎልደር $2 አድርጎ ያቀብለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የስክሪፕቱ ጣጣ ነው።

ኮዱን አልለጥፍም። ባለፈው ስለጥፍ ገጹ ቀጥ ያሉትን የጥቅስ ምልክቶች አጣሞ ሰው ሁሉ «አልሠራም» እያለ ወቀሰኝ። በቃል ልንገራችሁ።

አንደኛዋ ፍላሽ አጽጂ ናት። ደንበኛ ፍላሹን ሲሰጠኝ ውስጡ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል፤ መቼም ታውቁታላችሁ። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፣ ቫይረሱ የ«ድብቅ» ምልክት ለጥፎባቸው ነው። ሊኑክስ ያንን ምልክት ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው እኔ ጋ ሁሉም ይታያል፤ ሰውዬው ቤቱ ወስዶ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው ነው የሚደነግጠው። ስክሪፕቷ መጀመሪያ የሾርትከቶቹን ዝርዝር ታሳየኛለች፣ እሺ ስላት ታጠፋቸዋለች፣ ከዚያ ፋትአትር በሚባለው ትእዛዝ የድብቅና የሲስተም ምልክቱን ታነሳለች። ሰባት መስመር ናት። አንዳንዴ ስሙ ባዶ የሚመስል ፎልደር ይገኛል፤ የማይታይ ክፍተት ስም ተሰጥቶት ፋይሉ በሙሉ እዚያ የታጎረበት። ሰው «ፍላሼ ባዶ ሆነ» ብሎ ፎርማት የሚያደርገው እሱን ነው።

ሁለተኛዋ ሥራ ስቀበል ፋይሉን ገልብጣ ከስሙ ፊት በኛ አቆጣጠር ቀኑን ትጨምራለች፣ 2017-03-14 እያለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የማስተርስ ተማሪ ፋይል ላይ ግን «ስሙ በጣም ረጅም ነው» ብላ ቆመች። ፍላሹ ላይ ያው ስም በሰላም ተቀምጧል። ይሄ አልገባኝም።

ሦስተኛዋ ናት ጉድ የሠራችኝ። ደንበኛ ደውሎ «ሐምሌ ያሠራሁትን ውል» ሲለኝ በሐመሩ ሐ ልጻፈው በሃሌታው ሀ አላስታውስም፤ ስፈልግ አላገኘውም። ስለዚህ ስሞቹ ላይ ያለውን ሐ ሁሉ ወደ ሀ የሚቀይር ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ፊደል በፊደል በሚተካው ቲአር (tr) በሚባል ትእዛዝ፣ አንድ መስመር። ሐምሌ ሀምሌ ሆነ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ «ጐንደር ሴሚናር» የሚል ፋይል ፈልጌ አጣሁ። ለካስ «ጀንደር ሴሚናር» ሆኗል። «ነጋዴዎች» ደግሞ «ኀጋዴዎች»። ጐን ማን ንካ አለው? «ነ»ን ማን ነካው? እኔ ሐ ብቻ ነው ያልኩት!

ባይት_ቆጣሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡02

እህቴ፣ ጀንደር ላይ ስደርስ ሻይዬን ተፋሁት። ይቅርታ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የጂኤንዩው ቲአር፣ ሊኑክስሽ ላይ ያለው ማለት ነው፣ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፣ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) ብቻ ነው የሚያውቀው። የኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተሩ ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት ዘዴ) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። ሐ ማለት 225፣ 136፣ 144 ነው። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128። አንቺ «ሐን በሀ ተካ» ስትዪው ቲአር የሰማው «225ን በ225፣ 136ን በ136፣ 144ን በ128 ተካ» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም አያመጡም። ሦስተኛው ግን ስም ውስጥ 144 ባገኘ ቁጥር፣ የማንም ይሁን የማን፣ 128 ያደርገዋል።

አሁን «ነ»ን እዪው፦ 225፣ 138፣ 144። መጨረሻው 128 ሲሆን ኀ ነው። ጐ 225፣ 140፣ 144 ነው፤ 128 ሲሆን ጀ። ፐም አለልሽ፣ ወደ ፀ ነው የሚሄደው፤ «ፐርሰንት» የሚል ፋይል ካለሽ «ፀርሰንት» ሆኖ እየጠበቀሽ ነው። ግዕዙ ብቻ ነው የተነካው። ኑ፣ ኒ፣ ና ደህና ናቸው፣ የነሱ መጨረሻ ባይት ሌላ ነው።

በቲአር ፋንታ የሴድን (sed፣ ጽሑፍ የሚያርም ፕሮግራም) የዋይ (y) ትእዛዝ ተጠቀሚ። አንድ ረድፍ ፊደል ትሰጪዋለሽ፣ ትይዩ ሌላ ረድፍ፣ አንድ ለአንድ ይተካል፤ እሱ ፊደልን እንደ ፊደል ያያል። ሁለቱ ረድፎች እኩል ካልሆኑ ራሱ አልሠራም ይልሻል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ የላንግ (LANG፣ የቋንቋ) ቅንብርሽ ዩቲኤፍ-8 ካልሆነና ዝም ብሎ ሲ (C) ከሆነ ሴድም እንደ ቲአር ዕውር ይሆናል፣ ያውም ሳይናገር።

የማስተርሱ ልጅ ጉዳይም እዚያው ነው ያለው። ያንቺ ዲስክ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ኤክስት4 ነው ብዬ እገምታለሁ። ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ ፊደል አይደለም፣ ባይት። በእንግሊዝኛ 255 ሆሄ፣ በኛ 85። ፍላሹ ግን ፋት የሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው፤ እሱ የሚቆጥረው በሌላ መለኪያ ስለሆነ የኛን አንድ ፊደል እንደ አንድ ያያል፣ 255 ፊደል ድረስ ይችላል። የተማሪው ስም ስንት ፊደል ነው?

ኮፒቤት_ደሴ
ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡20

አሁን ቆጠርኩት። 78 ፊደል፣ 9 ክፍተት፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ዶክኤክስ። የጥናቱን ርዕስ በሙሉ ነው ስም ያደረገው!

ባይት_ቆጣሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡26

234 ሲደመር 9 ሲደመር 5፣ 248። ለጥቂት ይገባ ነበር። ያንቺ ቀን ከነሰረዙ 11 ባይት ስለሆነ 259 ደረሰ። ቀኑን ስም ላይ ከምትለጥፊ በቀኑ ፎልደር ፍጠሪና ፋይሉን እዚያ ክተቺው፤ የፎልደር ስም የራሱ 255 አለው።

ጀማሪ_ነኝ_አትሳቁ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እኔ ማክ ላይ ያንኑ የቲአር ትእዛዝ ሞከርኩት፣ ሐ ብቻ ነው የተቀየረው። ጐንደር ጐንደር ነው። ስለዚህ ባይት_ቆጣሪ ተሳስቷል ማለት ነው?

ባይት_ቆጣሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡31

ለዚህ ነው «የጂኤንዩው» ያልኩት። የማኩ ቲአር ዘሩ ከቢኤስዲ ነው፣ ፊደል ይቆጥራል። ስሙ አንድ ነው፣ ሰውዬው ሌላ ነው። ማክ ላይ የጻፍከውን ስክሪፕት ለጓደኛህ ሊኑክስ ስትሰጥ እንዲህ ያለው ነገር ነው የሚያጣላችሁ።

ፓይተን_ይበቃል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

በ2017 ዓ.ም. ሰው በሼል ፊደል ይቀያይራል? ፓይተን ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ጽሑፍ ጽሑፍ ነው። ሬንጀር የሚባለውን ፋይል ማገላበጫ ተጠቀሙ፣ ራሱ በፓይተን የተጻፈ ነው፣ ትእዛዞቻችሁንም በፓይተን ትጨምሩበታላችሁ። ኤንኤንኤን የሚያቀርበው ነገር የለም።

ኮፒቤት_ደሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

ወንድሜ፣ ኤንኤንኤን ስክሪፕቱ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይጠይቅም እኮ። መሮጥ የሚችል ፋይል ይሁን እንጂ በፓይተንም ጻፈው በፐርልም። ሬንጀርን ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው፤ እኔ ማሽን ላይ ግን ሲከፈት እየተነፋፈሰ ነው። ደንበኛ ቆሞ «ቶሎ በይልኝ፣ ታክሲ ይዤ ነው» ሲል ያቺ ሁለት ሰከንድ ትታያለች።

የድሮ_ኖርተን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልጆች፣ ይሄን ሁሉ እንደ አዲስ ስታወሩት ደነቀኝ። ኖርተን ኮማንደር የሚባለው ፋይል ማገላበጫ የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤፍ2 ስትጫን አንተ የጻፍከው ሜኑ ይወጣ ነበር። የዶስ ዘመን፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ ሁለት ፓነል። ሜክሲኳዊው ሚጌል ደ ኢካዛ በ1994 ሚድናይት ኮማንደርን ሲጀምር ሐሳቡን ከዚያ ነው የወሰደው፤ እስከ ዛሬ ኤፍ2 አለ። እኔ አሁንም በሱ ነው የምሠራው፣ ጣቴ ሌላ አያውቅም።

ሜኑው ተራ ጽሑፍ ነው። ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ፊደልና ርዕስ፣ ከሥሩ ገባ ብሎ ትእዛዙ። ፐርሰንት ኤፍ ካልክ ከርሰሩ ያለበት ፋይል ነው፤ ፐርሰንት ኤስ ካልክ ምልክት ያደረግክባቸው፣ ከሌሉ ይኸው የቆምክበት። ዲን በትንሹ ከጻፍከው ያለህበት ፓነል፣ በትልቁ ከጻፍከው የማዶው ፓነል ፎልደር። ይቺ የማዶ ፓነል ነገር ናት እናንተ ጋ የጠፋችው። «ከዚህ አንስተህ እዚያ አድርግ» የሚል ስክሪፕት መድረሻውን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ማዶ ተከፍቶ እያየሁት ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር፦ ሚድናይት ኮማንደር ስሙን ሲያቀብል ክፍተቱንም ምልክቱንም ሼሉ እንዳይሳሳትባቸው ራሱ ጠብቆ ይሰጣል። ስለዚህ ፐርሰንት ኤፍን በጥቅስ አትክበቡት፣ ድርብ ይሆንና ይበላሻል። ጥሬውን ከፈለጋችሁ ከፐርሰንቱና ከኤፉ መሀል ዜሮ ጨምሩ።

ኮፒቤት_ደሴ፣ አንቺን የሚመለከት፦ ፎልደር ውስጥ የራሱ የሆነ ድብቅ ሜኑ ፋይል ካለ ሚድናይት ኮማንደር ከዋናው ይልቅ እሱን ያነባል። የራስሽ መሆኑን ይፈትሻል፤ ነገር ግን ፋት ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ የሰካው ሰው ንብረት ሆኖ ነው የሚታየው። የሰው ፍላሽ ላይ ኤፍ2 ስትጫኚ የወጣውን ሜኑ አንብቢ፣ ከዚያ ምረጪ።

ጀማሪ_ነኝ_አትሳቁ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡12

ጋሼ፣ ጥቅስ ሲሉ የኔ ቁስል ተነካ። ኤንኤንኤን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው ወይ? የመጀመሪያዬ ስክሪፕት «ይሄን ፋይል አጥፋ» ነበር። ፋይሉ «ውል አሮጌ» ይባላል። እኔ $1ን ያለ ጥቅስ ጻፍኩት። ሼሉ ሁለት ስም መሰለውና «ውል»ን አጠፋ፣ ከዚያ «አሮጌ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። «ውል» ደግሞ አዲሱ ነበር። የአባቴ የቤት ኪራይ ውል።

የድሮ_ኖርተን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

አይዞህ። እኔ በዶስ ጊዜ ሙሉ ፎልደር አጥፍቻለሁ።

አዎ፣ እናንተ ጋ ተቃራኒው ነው። ሼል ስክሪፕት ውስጥ $1 ሁልጊዜ ከነጥቅሱ። ከፊቱ ደግሞ ሁለት ሰረዝ -- አስቀድም፤ ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል እንደ ትእዛዝ እንዳይነበብ። ማጥፋት ላይ ግን ምክሬ ሌላ ነው፦ አታጥፋ። «ቆሻሻ» የሚባል ፎልደር ክፈትና ስክሪፕቱ እዚያ ያንቀሳቅስ፤ ዓርብ ዓርብ በእጅህ ባዶ አድርገው።

ባይት_ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ብዙ ፋይል መርጣችሁ ስክሪፕት ስትጠሩም ልብ በሉ። ኤንኤንኤን የተመረጡትን ስሞች አንድ ፋይል ውስጥ ይጽፋቸዋል፤ በመስመር ሳይሆን በዜሮ ባይት ለይቶ። ለምን? የሊኑክስ ፋይል ስም ከዜሮ ባይትና ከስላሽ በስተቀር ሁሉን ይቀበላል፤ መስመር ሰባሪም ቢሆን። በኤክስአርግስ (xargs) ትእዛዝ ስታነቡት የዜሮ ምርጫውን (-0) አትርሱ። ኤልኤፍ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ በአዲስ መስመር ነው የሚለየው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስክሪፕት ስትገለብጡ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ሲልቨርስፕሪንግ_ማታ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

እዚህ ሜሪላንድ ገና ሊነጋ ነው፣ ለሥራ ስነሳ አየሁት። ኮፒቤት፣ ቀኑን እንዴት ነው የምታሰዪው? እኔም ለፎቶዎቼ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አዋርዶኛል።

የኔ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራል። ለ86400 አካፍዬ ቀን አደርገዋለሁ፣ 716732 እደምርበታለሁ። ድምሩን ለ1461 አካፍላለሁ፣ እሱ አራት ዓመት ነው። የተረፈውን ለ365 ሳካፍል ዓመቱ፣ ከዚያ የተረፈውን ለ30 ሳካፍል ወሩ ይወጣል። ዜሮ ሰከንድ ብትሰጪው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ካላለሽ የሆነ ቦታ ስተሻል።

የመጀመሪያው ውርደት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ለኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነበር፣ ዘመነ ሉቃስ። ስክሪፕቴ መስከረም 1 አለና ለእናቴ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ አልኳት። «ልጄ፣ ነገ እኮ ነው» አለችኝ። በነጋታውም ስክሪፕቱ እንደገና መስከረም 1 አለ። እንቁጣጣሽን ሁለቴ አከበረ። በ1461 ውስጥ የመጨረሻዋ ቀን ትርፏ 1460 ነው፤ ለ365 ስትካፈል 4 ትሰጣለች፣ ዓመቱን ያለጊዜው ታሻግረዋለች። እሷን ለብቻ ይዞ ጳጉሜን 6 ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ያ የሰከንድ ቆጠራ በግሪንዊች ነው። እዚህ ማታ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ የነገን ቀን ይይዝ ነበር።

ኮፒቤት_ደሴ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

ወይኔ! እኔም ከግሪንዊች የምንቀድምበትን ሦስት ሰዓት አልደመርኩም። ሌሊት ስለማልሠራ ነው እንጂ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተቀበልኩት ቢኖር የትናንት ይሆን ነበር። 10800 ሰከንድ ጨመርኩ፣ ተመስገን። ጳጉሜን 6ንም ለብቻ አወጣሁ።

የድሮ_ኖርተን
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

በኛ ቆጠራማ ሰዓቱ የሚታደሰው ጠዋት 12 ላይ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት የተጻፈ ፋይል የዛሬ ነው የትናንት? ይሄን ስክሪፕት አይፈታውም፣ ቄስ ጠይቁ።

ባይት_ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40

ወደ ሐ እና ሀ ልመልሳችሁ፤ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበርና። ኮፒቤት፣ እኔ ብሆን ስሞቹን ጭራሽ አልነካም። «ሠላም» እና «ሰላም» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ካሉ፣ ስታመሳስያቸው አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ስም የሚቀይረው የኤምቪ (mv) ትእዛዝ ሳይጠይቅ ነው የሚደርበው፣ አትደርብ የሚለውን ምርጫ ካልሰጠሽው።

የምትፈልጊው ማግኘት ነው፣ ማረም አይደለም። ስለዚህ ስክሪፕቱ የሁሉንም ስም ዝርዝር ይውሰድ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የተመሳሰለ ቅጂውን ያድርግ፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉም ሀ፤ ሠ በሰ፤ ዐ፣ ኣ፣ ዓ በአ፤ ፀ በጸ፤ የቀሩት ቤቶችም እንደዚያው። አንቺ የምትጽፊውንም ቃል ያመሳስል። ፍለጋው በቅጂው ላይ ይሁን፣ የሚያሳይሽ ግን ዋናውን ስም። ዲስኩ ላይ አንድ ባይት አይነካም። ስታገኚው ኤንኤንኤንን ወደዚያ ፎልደር ለመውሰድ ፓይፕ (ትእዛዝ የሚቀበልበት ልዩ ፋይል) አለው፤ ስክሪፕቱ ዜሮ፣ ሲ፣ ከዚያ ሙሉ አድራሻውን ይጻፍበት፣ ራሱ ይሄዳል።

የተበላሹትን ደግሞ በጅምላ ስክሪፕት አትመልሺ። ኤንኤንኤን ላይ የአር ቁልፍ ስሞቹን በሙሉ ኤዲተር ውስጥ ይከፍትልሻል፤ በዓይንሽ እያየሽ ታርሚያለሽ፣ ሴቭ ስታደርጊ ይቀየራሉ።

ኮፒቤት_ደሴ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡30

ሠራልኝ! ሐምሌ ብልም ሀምሌ ብልም ኀምሌ ብልም ውሉ ይመጣል። 22 መስመር ሆነ፣ ትንሽ ወፈረ፣ ይሁን።

እርማቱን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። 63 ስም ነበር። ኀጋዴዎች፣ ኀዋሪዎች፣ ኀጻ ትምህርት፣ እነዚህ ቀላል ናቸው። «ኀይሉ» የሚለው ላይ ቆም አልኩ፤ ነይሉ የሚባል ሰው የለም፣ ስለዚህ ድሮም ኀ ነበር፣ ተውኩት። ጐንደርም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አንድ ብቻ ቀረኝ። ሀብታሙ የሚባል ደንበኛ አለ፤ ፋይሉ ድሮ በሐመሩ ይሁን በሃሌታው ማስታወስ አቃተኝ። ወረቀቱ ላይ የሚወጣ ስም ስለሆነ ደውዬ ጠየቅኩት። «መታወቂያዬ ላይ በሀ ነው፣ ዲግሪዬ ላይ በሐ። አንቺ ጋ በየትኛው ነው የነበረው?» አለኝ።